አሮጌ ላንድክሩዘርን በግቢ ማደስ፦ በወሎ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ከምን ይጀመራል?

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ሰፈሮች ውስጥ ሸራ ለብሶ ከግቢ ጥግ የቆመ አሮጌ ላንድክሩዘር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከእርዳታ ድርጅቶች በጨረታ ወጥተው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ኖረው፣ በመጨረሻ አንድ ከባድ ብልሽት ሲገጥማቸው የቆሙ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ካስወደደው ወዲህ፣ በተለይም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ፣ እነዚህ የቆሙ መኪኖች እንደገና ዓይን ገብተዋል። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት እንዲህ ያለ መኪና ያለው፣ በራሱ ግቢ፣ በራሱ እጅና በሰፈር መካኒክ እገዛ ሊያድሰው ላሰበ ሰው ነው።

አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከሚታየው ነገር ነው፤ ከቀለም፣ ከሰፊ ጎማ፣ ከፊት መብራት። እኔም እንዲያ ነበር የጀመርኩት። አሁን ግን የእድሳትን ቅደም ተከተል የሚወስነው ምድሩ እንደሆነ አጥብቄ አምናለሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደሴ ወደ ወረኢሉ የሚወስደው መንገድ ጉጉፍቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከደላንታ ደጋ ወደ በሽሎ የሚወርደው ደግሞ ከብርዱ ወደ ሐሩሩ በአንድ ጉዞ ያደርሳል። በእንዲህ ያለ አገር የሚሄድ መኪና አስቀድሞ መቆም መቻል አለበት፤ ቀጥሎ ሙቀቱን መጠበቅ፣ ከዚያ በቀጥታ መሄድ። የሞተር ጉልበት መጨመር ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

መኪናውን ማወቅ

ላንድክሩዘር ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው መኪኖች በውስጣቸው በጣም ይለያያሉ። 40 ሲሪስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ተመርቷል፤ 60 ሲሪስ በ1980 ወጣ፤ 70 ሲሪስ በ1984 ተጀምሮ እስካሁን ይመረታል። በኮፋኖው ሥር ባለው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ኮድ ማንነቱን ይናገራል። “ጄ” የሚለው ፊደል የላንድክሩዘር ቤተሰብ ምልክት ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የሚመጣው የሞተሩን ዓይነት ይገልጻል፦ “ኤፍ” ከሆነ የቤንዚን ሞተር፣ “ቢ” ከሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ፣ “ኤች” ከሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ “ኤችዜድ” ከሆነ ደግሞ ዋን ኤችዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ነው። በዚህ መሠረት ኤችጄ60 እና ኤችዜድጄ75 ከውጭ ሲያዩዋቸው ዘመዳሞች ቢመስሉም የሚፈልጉት እንክብካቤ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ቱ ኤች የተባለ ሞተር አለው፤ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ የሚያዞረው ጥርስ በመሆኑ የሚበጠስ ቺንጋ የለውም። ዋን ኤችዜድ ግን የታይሚንግ ቺንጋ ስላለው፣ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር ይኖርበታል። ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው የሞተሩ ራስ፣ ማለትም ቴስታታው፣ ይበላሻልና፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ በማይታወቅ መኪና ላይ ሞተሩን ደጋግሞ ከመሞከር አስቀድሞ ቀይሮ መጀመር ይሻላል።

እዚህ ላይ ስለ ስሞች አንድ ነገር ላንሣ። የጋራዥ አማርኛችን አብዛኛውን ቃሉን የወሰደው ከጣሊያንኛ ነው፤ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራውልዮ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ “ኦይል ሲል” የሚለው የዘይት ማገጃ ጎማ ሱቁ ውስጥ ፓራውልዮ መሆኑን የማያውቅ ሰው ያለውን ዕቃ የለም ተብሎ ይመለሳል። ዕቃ ሲፈለግ፣ ደሴም ይሁን የአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ሶማሌ ተራ፣ የሻንሲውን ቁጥርና የአሮጌውን ዕቃ ናሙና ይዞ መሄድ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ስለ ሻንሲ ቁጥር ከተነሣ፣ ቁጥሩ በነዚህ መኪኖች ላይ በቀኝ በኩል ባለው የሻንሲ ብረት ላይ፣ ከፊት ጎማው አካባቢ ተቀርጾ ይገኛል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለበት። የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ ነው። ሞተር ተቀይሮ በሊብሬው ላይ ያልተመዘገበ መኪና ምንም ያህል ቢታደስ ቦሎ ሲታደስ ጣጣ ያመጣል። ሻንሲውን ቀለም የሚቀባ ሰውም ቁጥሩ ያለበትን ቦታ እንዳይሞርደውና ወፍራም ቀለም እንዳይጭንበት ይጠንቀቅ።

በቀሚሴና በባቲ መስመር ወደ ቆላው፣ በተለይም በአፋር የጨው ምድር ሲሠራ የኖረ መኪና ሻንሲው ከውስጥ በኩል ሊበላ ይችላል። ከላይ ደህና የሚመስለውን ብረት በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ጤነኛ ብረት ጥርት አድርጎ ይጮኻል፣ የተበላው ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርባቸው ቦታዎች ቀድመው ከሚበሉት ውስጥ ናቸው። እዚያ ላይ ቀዳዳ ከተገኘ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆያል።

የሥራው ቦታ

የደሴ ግቢ አብዛኛው ተዳፋት ነው። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ጠንካራና ሜዳ ካልሆነ ሥራው አይጀመር። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ መግባት የለበትም። ሻንሲው በብረት መቆሚያ ወይም በሰፊና ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ላይ ይቀመጥ፤ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ይታገዱ። ብሎኬት ሳይታሰብ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር ግፊት አይነፋም፤ በውሃ ተረጥቦ በጨርቅ ይጠረጋል። የተቃጠለ ዘይትም በጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ይሰጥ፤ ከደሴ ቦዮች የሚወርደው ሁሉ ቦርከና ወንዝ ይገባል፣ ቦርከናም ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዚያም በታች የሚጠጡት ከብቶችና የሚጠቀሙት ሰዎች አሉ።

ፍሬን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ፣ ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ጉዞ የሚለቀው ጉልበት 16 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ቁጥሩ ለጆሮ ባዶ ቢመስልም፣ 45 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ 100 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ነፋስና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል። “በወጣህበት ማርሽ ውረድ” የሚለው የነባር ሾፌሮች ምክር የሚያድነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ መኪናውን ስለሚይዝ የፍሬኑ ሸክም ይቀልለታል።

የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር እየመጠጠ ይቆያል፤ እርጥበት በገባበት ቁጥርም የሚፈላበት የሙቀት መጠን ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲገባው ግን ይህ ዝቅተኛ መለኪያ ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 መለኪያ በአዲስነቱ 230፣ እርጥበት ሲገባው 155 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ዘይት የማይጨመቅ ሲሆን እንፋሎት ግን ይጨመቃልና፣ እግር ሲረገጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ለዓመታት በቆመ መኪና ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት በሙሉ ወጥቶ በአዲስ መተካት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት።

ዘይቱ ሲቀየር የዋናው ፖምፓና የየጎማው ትንንሽ ፖምፓዎች ጎሚኒም አብሮ ይቀየራል። እዚህ ላይ በየግቢው የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ፤ ጎሚኒውን በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብ። ጎሚኒው በነዚህ ነገሮች ያብጣል፤ ሲገጠም የሚሠራ መስሎ ከቀናት በኋላ ፍሬኑን አንቆ ይይዛል። የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ብቻ ነው። የሞተር ዘይትም ለአንዲት ጠብታ እንኳ የፍሬን ዘይት ዕቃ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ፔዳሉን የሚያቀለው ሰርቮ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው ባዶነት ሰርቮውን ያሠራዋል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ሳያፍን ስለሚስብ ይህን ባዶነት አይፈጥርም፤ ስለዚህ በነዚህ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመች ትንሽ የቫኩዩም ፖምፓ አለች። ዲናሞ ተቃጥሎ ሌላ ሲገጠም፣ የተገኘው ዲናሞ ይህች ፖምፓ የሌለችው ከሆነ፣ ባትሪው በደንብ እየሞላ ፍሬኑ ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የዲናሞው ቺንጋ ሲላላም እንዲሁ ነው። ከዚህ ሌላ ከፍታው ራሱ የሚያመጣው ነገር አለ፤ ሰርቮው የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና በውስጡ ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው፣ ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰርቮ እንኳ እዚህ የሚሰጠው እርዳታ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን የተረዳ ሰው የታምቡሩን ሸራ በአግባቡ ማስተካከልን እንደ ትንሽ ሥራ አያየውም።

ሙቀት

የኔ መኪና ዋን ኤችዜድ ሞተር ያለው ባለ 75 ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ይፈላ ነበር። አንድ ጋራዥ ቴስታታውን አንሥቶ በሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑን፣ ቀየረ፤ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ፈላ፣ እንደገናም ተቀየረ። በመጨረሻ ራሴ መፈለግ ስጀምር ያገኘሁት ሁለት ነገር ነው፤ የውሃውን መንገድ በሙቀቱ መጠን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ወጥቶ ተጥሏል፣ የራዲያተሩ ክዳንም ግፊት አይይዝም። በሁለት ጋርኒሲዮን የወጣው ወጪና የባከነው ጊዜ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የናፍጣ ሞተር የተለመደ የሥራ ሙቀት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው፤ ዳገት ላይ ሲሆን ያልፈዋል። እንግዲያው ክፍት ራዲያተር ያለው መኪና ደሴ ላይ ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ 0.9 ባር ገደማ ግፊት ይይዛል፤ ግፊቱ ሲጨመርበት ውሃው ደሴ ላይ የሚፈላው ከ110 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነው። በባሕር ዳርቻ ክዳኑ የደከመ መኪና ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል፤ እዚህ ግን ወዲያው ይጋለጣል። ጎሚኒው የተሰነጠቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ተጠግኖ አይሠራም፤ ይጣላል። የሚገዛው አዲስ ክዳን ላይ የተጻፈው የግፊት መጠን ፋብሪካው ካዘዘው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ የበለጠ ከሆነ አሮጌውን ራዲያተርና ጎማ ቱቦዎቹን ያፈነዳል።

ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዦች እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። ሐሳቡ ውሃው ሳይታገድ ይዙር የሚል ነው። ነገር ግን እንደ ዋን ኤችዜድ ባሉ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ውጤቱ ጠዋት በብርድ ቶሎ የማይሞቅ፣ ዳገት ላይ ደግሞ የሚፈላ ሞተር ነው። ናፍጣ ሞተር ከሚፈለገው በታች ቀዝቅዞ ሲሠራም ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ይቀራል፤ የፒስተኑ ፋሻና ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃሉ። ቴርሞስታት መሥራቱ በቤት ሊፈተን ይችላል፤ በድስት ውሃ ውስጥ በቴርሞሜትር እየታየ ሲሞቅ፣ በላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት አለበት።

ራዲያተሩ ራሱ በነሐስና በመዳብ የተሠራ ከሆነ ተፈትቶ ቱቦዎቹ ሊጠረጉ ይችላሉ፤ ለዓመታት የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ሲሞላ የኖረ ራዲያተር ውስጡ እንደ ጀበና ቂጥ ደለል ይዞ ይገኛል። ከታጠበ በኋላ ተራ ውሃ መልሶ መሙላት ድካምን ማባከን ነው። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይሞላ፤ ዝገትን ይከላከላል፣ የሚፈላበትን ዲግሪም ከፍ ያደርጋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደጋው ውርጭ ሲመታውም ውሃው በሞተሩ ውስጥ በረዶ እንዳይሆን ይጠብቃል። የማራገቢያው መሐል ላይ ያለው የሲሊኮን ዘይት የያዘ ፍሪሲዮንም መታየት አለበት፤ ሞተሩ ጠፍቶና ትኩስ ሆኖ ሳለ ማራገቢያው በጣት ሲገፋ እንደ ልቡ የሚሽከረከር ከሆነ ደክሟል። ትኩስ ራዲያተር ደግሞ በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ስለሚወድቅ ውሃው በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ፊት እግርና መሪ

የነዚህ መኪኖች የፊት አክስ ወጥ ነው፤ ጎማው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ትልቅ ክብ ኳስ መሳይ ብረት አለ፣ በውስጡም ጎማው ሲጠመዘዝ ጭምር ኃይል የሚያስተላልፈው መጋጠሚያ በግራሶ ተሞልቶ ይኖራል። ክፍሉ ሲከፈት ወፍራም ግራሶ ከመገኘት ይልቅ ቀጭን ጥቁር ሾርባ ከወጣ፣ የውስጠኛው ፓራውልዮ ተበልቶ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቷል ማለት ነው። ፓራውልዮውን ብቻ ቀይሮ መዝጋት በቂ አይደለም፤ ያ ዘይት ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ የመጣ ነውና የዲፈረንሻሉ መጠን መታየት አለበት፣ ላይና ታች ያሉት ኩሽኔታዎችም (ቤሪንጎች) መታጠብና መመርመር ይገባቸዋል። መሪው በተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚንቀጠቀጥ መኪና ብዙ ጊዜ ሕመሙ ያለው በነዚህ ኩሽኔታዎችና በመሪው ዘንጎች ጫፍ ባሉት ቴስቲናዎች ላይ ሲሆን፣ ሰው ግን ጎማ ማመጣጠን ላይ ገንዘቡን ይጨርሳል።

ሞተሩን መመርመር

ሞተሩ ይወርድ ወይስ አይወርድ የሚለውን የሚወስነው የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፣ ልኬት ነው። እዚህ ላይ ከፍታውን ያልቆጠረ ሰው ደህና ሞተር ያፈርሳል። ሞተሩ የሚጨምቀው በአካባቢው ያለውን አየር ነው፤ አየሩ ሦስት አራተኛ ከሆነ ልኬቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። በባሕር ጠለል 30 ባር የሚያሳይ ሞተር ደሴ ላይ 22 ወይም 23 ባር ቢያሳይ አልታመመም። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር በዚህ ሒሳብ ቀንሶ ማየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስድስቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማወዳደር ያስፈልጋል። አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻውን ከወደቀ ችግሩ እዚያ ነው፤ ስድስቱም እኩል ዝቅ ካሉ ምክንያቱ ድካምም፣ ከፍታም፣ የደከመ ባትሪና ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖም ሊሆን ይችላል።

ጥቁር ጭስም እንዲሁ በችኮላ አይፈረድበትም። የናፍጣ ፖምፓው የሚልከው መጠን ለቆላ አየር የተለካ ከሆነ፣ ደጋ ላይ አየሩ ስለሚያንስ የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ፖምፓዎች ከፍታውን ለክቶ ናፍጣውን የሚቀንስ መሣሪያ አላቸው፤ የሌላቸው ደግሞ መለኪያ ማሽን ባለው ባለሙያ ይስተካከላሉ። የዋን ኤችዜድ ፖምፓ ውስጡ የሚለሰልሰው በናፍጣው በራሱ ነው። ስለዚህ ለዓመታት በቆመ ታንከር ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና ዝገት ፖምፓው ከደረሰ ይገድለዋል። ታንከሩ ወርዶ ሳይታጠብ፣ ማጣሪያውም ሳይቀየር ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር ከሁሉም የከፋ ችኮላ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ አጠር አድርጌ ልለፍ። ባለ 12 ቮልትም ባለ 24 ቮልትም ላንድክሩዘሮች ስላሉ፣ የማሞቂያ ካንዴላና ሞተሪኖ ከመግዛት በፊት ቮልቱ ይረጋገጥ። የተቀጣጠሉና በፕላስተር የታሰሩ ገመዶች ይውጡ፤ ከሻንሲና ከሞተር ጋር የሚገናኙት የኔጌቲቭ ገመዶች ተፍቀው ይታሰሩ። የፊት መብራት ደካማ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ኃይሉ በማብሪያና ማጥፊያው ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚዞር ነው፤ ሪሌ ገጥሞ ከባትሪው በቀጥታ በፊውዝ ማምጣት አምፖሉ ሳይቀየር ብርሃኑን ያሻሽለዋል። ላሜራን በተመለከተም የምለው አንድ ነው፦ ዝገት ላይ ስቱኮ አይለጠፍ። የተበላው ብረት ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ ላሜራ ይበየድ፤ ያለዚያ በቀጣዩ ክረምት ቀለሙ ይነፋል።

ማሻሻል

መኪናው በትክክል ሲቆም፣ ሳይፈላ ሲወጣና በቀጥታ ሲሄድ ያን ጊዜ ማሻሻል ይታሰባል። መጀመሪያ የምመክረው ባለ ሦስት ማሰሪያ የደኅንነት ቀበቶ ነው፤ ብዙ አሮጌ መኪኖች ከኋላ ምንም ቀበቶ የላቸውም።

ትልቅ ጎማ ሲገጠም የሚሆነውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የጎማው ቁመት በ10 በመቶ ቢጨምር፣ ቆጣሪው 60 ሲያሳይ መኪናው በትክክል 66 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ማርሹ ሁሉ በ10 በመቶ እንደከበደ ይቆጠራል፤ በከፍታው ምክንያት ጉልበቱ ቀድሞ ለተቀነሰ ሞተር ይህ ቀላል አይደለም። ፍሬኑም ያንኑ መኪና ለማቆም በ10 በመቶ የበለጠ መያዝ አለበት። ለወሎ ጠጠርና ጭቃ ባለ 7.50 በ16 ቀጭን ጎማ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ጎማ በብዙዎቹ ላይ የሚገጠመው በሚፈታታ ቸርኬ ላይ ስለሆነ ግን፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀለበቱ አይነካ፤ በግፊት የተወረወረ ቀለበት ሰው ይገድላል።

ባሌስትራ ጨምሮ መኪናውን ከፍ ማድረግም ከፍሬን ጋር የተያያዘ ነው። በብዙዎቹ ላይ ከኋላ አክሱ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ፤ መኪናው በጭነት ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይልካል፣ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ደግሞ ይቀንሳል። ባሌስትራ ተጨምሮ ከፍ ያለ መኪና ተጭኖም ባዶ ይመስለዋል፤ የኋላ ፍሬኑ ይዳከማል፣ ሸክሙ በሙሉ ወደ ፊት ይመጣል። ባሌስትራውን የቀየረ ሰው የቫልቩን ዘንግም አብሮ ማስተካከል አለበት።

ቱርቦ በዚህ ከፍታ ላይ ትልቅ ጥቅም እንዳለው አልክድም፤ የጎደለውን አየር መልሶ ለሞተሩ ይሰጠዋል። ዋን ኤችዜድ ግን ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የተነደፈ፣ ናፍጣው በትንሽ ቅድመ ክፍል ውስጥ የሚቀጣጠልበት ሞተር ነው። ቱርቦ ተገጥሞ ናፍጣው ያለ ልክ ሲጨመር ፒስተኑ ይቀልጣል፣ ቴስታታውም በቅድመ ክፍሉ አካባቢ ይሰነጠቃል። የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም፣ ራዲያተሩም ፍጹም ሳይሆን ቱርቦ መግጠምን አልደግፍም።

የመጀመሪያው ጉዞ

መጀመሪያ በግቢና በሰፈር ሜዳ ላይ ፍሬኑ ደጋግሞ ይፈተን። ከዚያ ጠዋት፣ መንገዱ ሳይበዛበት፣ ያለ ጭነት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ጥሩ ፈተና ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ይወረድ፤ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ጥግ ይዞ መቆም ያስፈልጋል። በየቆሙበት እጅን ወደ አራቱ ቸርኬዎች መሐል፣ ሳይነኩ፣ ማስጠጋት ነው። የግራና የቀኙ ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ብቻውን የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ተይዟል ወይም ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል፤ አንዱ ብቻውን ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ጎማ በማቆሙ ሥራ ላይ እየተካፈለ አይደለም። ኮምቦልቻ ሲደረስ መኪናው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይቀዝቅዝ፣ ከሥሩ ጠብታ መኖሩ ይታይ፣ የውሃው መጠን በማጠራቀሚያው ላይ ይነበብ። ወደ ደሴ ሲመለስ የሐረጎን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣ የሙቀት ቆጣሪው ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቆም ችግር የለውም፤ ሳይቆም መውጣቱን ከቀጠለ ግን ጥግ ይዞ ሞተሩን ሳያጠፉ በባዶ ማርሽ ማቆየት፣ ቆጣሪው ወርዶ ሲረጋ ቤት ገብቶ እንደገና ከክዳኑና ከቴርሞስታቱ መጀመር ነው። 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች፣ የጎማዎቹ ዳዶዎችና የመሪው ማሰሪያዎች በሙሉ እንደገና ይጠበቃሉ።